የመሪጌታ ጥበቡ ግቢ ፖርስሊን

ሥራ የጀመርሁ ቀን ሴራሚክ ሳጠጣ ዋልሁ። ደብረ ታቦር ላይ አንድ ነጋዴ ቤት ያሠራል። አያ ሰይድ የሚባሉ የሴራሚክ ባለሙያ በርሜል ሙሉ ውሃ አስቀዱኝና "እየነከርህ፣ ቡልቅ ቡልቅ ማለቱን ሲተው እያወጣህ ደርድር" አሉኝ። ከፋርጣ የገብስ ማሳ የመጣሁ የሃያ አራት ዓመት ሰው ነበርሁ፤ ሚስት አለችኝ፣ ልጅ አለኝ። ድንጋይ ውሃ ይጠጣል ሲሉኝ ባላገር ነው ብለው የሚቀልዱብኝ መስሎኝ ፊቴን አኮሳተርሁ።

አልቀለዱም። የሴራሚክ ጀርባው ሸክላ ነው። ደረቁን ከነጠፍኸው የማልታውን፣ የአሸዋና የሲሚንቶ ድብልቁን፣ ውሃ ይመጠዋል፣ ሲሚንቶው ሳይጠና ይቀራል። ጠግቦ ከገባ ግን ይነክሳል፤ አንዴ ከነከሰ ካልሰበርኸው አይለቅም። ይህን ያስተማሩኝ አያ ሰይድ ናቸው። ሲባጎ መወጠርን፣ ውሃ ልክ ማንበብን፣ በላስቲክ መዶሻ ቀስ እያሉ ማስቀመጥን፣ በመጨረሻም በመጋጠሚያው ቦያካ ማፍሰስን ከእሳቸው ተማርሁ። ቦያካ የምንለው በውሃ የቀጠነ ሲሚንቶ ነው።

አያ ሰይድ አንድ ልማድ ነበራቸው። ከሥራ ከመውጣታችን በፊት የቀኑን ሥራ ይዞሩትና እንዳሻቸው አንዱን ሴራሚክ መርጠው ይነቅላሉ። ገልብጠው ጀርባውን ያያሉ። ማልታው ከዳር እስከ ዳር ከያዘ መልሰው ያስቀምጡታል። አንዱ ጠርዝ ነጭ ሆኖ ከወጣ "ይርጋ፣ ይሄን መሥመር ድገመው" ይላሉ። አንዱን ሳይሆን መሥመሩን ሙሉ ነው የሚያስደግሙኝ። ያኔ በልቤ እረግማቸው ነበር።

በእኛ ሥራ ማዕረጉ አጭር ነው። ከታች የቀን ሠራተኛ፣ ከእሱ በላይ ረዳት፣ ከረዳቱ በላይ ባለሙያ፣ ከባለሙያው በላይ ፎርማን አለ። ከሁሉም በላይ ኮንትራክተሩ ነው፤ በዕድሜው የግንበኛ ማንኪያ ጨብጦ ባያውቅም ከሁሉም በላይ ነው። እኔ በአምስተኛው ዓመት ባለሙያ ሆንሁ። አያ ሰይድ ጉልበታቸው አልታዘዝ ሲላቸው ሥራውን ለእኔ ትተው ቤታቸው ገቡ። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ የሚነቅልብኝ ሰው አልነበረም። እኔም አልነቀልሁም፤ እፎይ ነው ያልሁት።

ከዚያ ፖርስሊን መጣ። ከባድ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ፊትህን ያሳይሃል። የደብረ ታቦር ሰው ሁሉ ሳሎኔን ፖርስሊን፣ በረንዳዬን ፖርስሊን ይል ጀመር። ገና መጀመሪያ የያዝሁ ዕለት እንደ ልማዴ በርሜል ውስጥ ከተትሁት። አንዲት አረፋ አልወጣችም። ቆሜ አየሁት። ይሄ ነገር ውሃ አይጠጣም አልሁ ለራሴ። ከዚያስ? ነክሬ ነጠፍሁት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ የያዝሁት በርሜል ነበር።

ፖርስሊን ውሃ ስለማይጠጣ ማልታውን አይነክሰውም። ጀርባው ላይ ከፋብሪካው ነጭ ዱቄት ይዞ ይመጣል፤ እሱ ታጥቦና ደርቆ፣ በራሱ ማጣበቂያ ባለ ጥርስ ማንኪያ እየተቀባ ነው የሚነጠፈው። ነክረኸው ከነውሃው ካስቀመጥኸው ማልታው ላይ ቁጭ ይላል እንጂ አይያዝም። ቤት ውስጥ ሲሆን ይህ ቶሎ አይታይም፤ ዝናብ የለም፣ ፀሐይ የለም፣ ውርጭ የለም። ዓመት ሁለት ዓመት ሲቆይ አየሁና ልክ ነኝ አልሁ። እኔ ብቻ አይደለሁም፤ እዚህ አገር ሴራሚክ የለመድን ሁሉ እየነከርን ነጥፈነዋል። ግን ስለ ሌላው ሰው አይደለም የማወራው።

በዚያ ዘመን የምሠራለት ኮንትራክተር ደሳለኝ ይባላል። ኢንጂነር አይደለም፤ ሁሉም ግን "ኢንጂነር" ይለዋል፣ እሱም አቤት ይላል። መኪናውን ከበር አቁሞ፣ ከመኪናው ሳይወርድ በመስኮት ነው የሚያዘው። እብናት አንድ የምግብ ቤት በረንዳ ሲያሠራን "ክፍተት እንዳላይ፣ አንድ ወጥ መምሰል አለበት" አለና ፖርስሊኑን ጠርዝ ለጠርዝ አጋጥመን ነጠፍነው። እብናት ቆላ ነው። መጋቢት ላይ በጠራራ ፀሐይ ፖርስሊኑ ተለጠጠና መሄጃ ሲያጣ መሐሉ ላይ እንደ ድንኳን ተነሣ። ሲነሣ የጮኸውን ጩኸት ሰው ጥይት መስሎት ጠረጴዛ ሥር ገባ። አንዱ ተመጋቢ ከነጉርሻው ወለሉ ላይ ተኝቶ ነበር። ደሳለኝ በስልክ "ፖርስሊኑ ጥራት የለውም" ብሎ ዘጋው። እኔም ሳቅሁ፤ ለሰው ሁሉ እያወራሁ አሳቅሁበት። እንደ ቀልድ ባላየው ኖሮ የኋላው ባልመጣ ነበር።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልግባ።

መሪጌታ ጥበቡ የዜማ መምህር ናቸው። ዓይናቸው ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ቤታቸው ከሚያስተምሩበት ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት ነው፤ መንገዱን ብቻ ተሻግሮ። የሚኖሩት እህል ከምትነግደው ልጃቸው ከእቴነሽ ጋር ነው። መሪጌታ በየማለዳው ምርኩዛቸውን ይዘው ከቤታቸው ደጃፍ ይነሡና አርባ ሁለት እርምጃ ቆጥረው አጥሩ በር ይደርሳሉ። ከበሩ ማዶ ተማሪዎቻቸው ይጠብቋቸዋል። ግቢያቸውን ግን ብቻቸውን ነው የሚያቋርጡት። እጃቸውን ሊይዝ የሚመጣን ሰው "እጄን ያስያዝሁ ዕለት አልቆልኛል፤ ተወኝ" ይሉታል። ያ አርባ ሁለት እርምጃ ለእሳቸው ሰውነታቸው ነበር።

ችግሩ ክረምት ነው። የደብረ ታቦርን ጭቃ የሚያውቅ ያውቀዋል። ግቢው የድሮ ሊሾ፣ ማለትም የሲሚንቶ ወለል፣ ቢኖረውም ተሰነጣጥቆ ክረምት ሲገባ ጭቃ ይውጠዋል። ሐምሌና ነሐሴ መሪጌታ ቤት ይውላሉ፤ ቤት ሲውሉ ደግሞ ይከፋሉ፣ እህል አይበሉም። እቴነሽ ግቢውን ለማስነጠፍ ያሰበችው ለዚህ ነው። የልጇ ሰርግ ጥር ላይ ነበርና ሥራውን ለዚያው አደረሰችው።

ልኬት ስወስድ መጥታ አጠገቤ ቆመች። "አያ ይርጋ፣ ሰው ለሰርጉ ነው ይለኛል፤ ለሰርጉስ ዳስ ይበቃኝ ነበር" አለችኝ። "አባቴ ክረምት ከበጋ ብቻቸውን ወጥተው ብቻቸውን እንዲገቡልኝ ነው። ስትሠራ እሳቸውን አስብልኝ።"

"እሺ እታለም፣ አታስቢ" አልኋት። አታስቢ ማለት ለእኔ ምን ችግር አለው?

ሥራውን የተዋዋለው ደሳለኝ የፖርስሊን ናሙና ይዞ መጣ። ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ፣ የመኪናው ጥላ ቁልጭ ብሎ የሚታይበት ነው። እቴነሽ በእጇ ዳሰሰችው። "ይሄ ሲረጥብ አያንሸራትትም?" አለችው።

"እንዴ! አዲስ አበባ ትልልቅ ሰው ሁሉ የሚያስነጥፈው ይሄንን ነው" አላት። "ይልቅ ሻካራውን ብታደርጊው ሰርገኛው ይስቅብሻል።"

ወደ እኔ ዞራ አየችኝ። እኔ ባለሙያ ነኝ፤ ባለሙያ የሚታየው እውነቱን እንዲናገር ነው። የሚያብለጨልጭ ፖርስሊን ለውጭ እንደማይሆን እያወቅሁ አቀርቅሬ ሜትሬን ጠቀለልሁ። ቀጣሪዬ ፊት ልቃወመው አልደፈርሁም። አሁን ሳስበው በራሴ ንድድ ይለኛል።

እሷ ስትሄድ ግን ትንሽ ሞከርሁ። "ኢንጂነር፣ ውጭ ነው፤ ውሃው ወደ በሩ እንዲወርድ ተዳፋት ይፈልጋል። በሜትር ሁለት ሳንቲ ብንሰጠው" አልሁት።

"ሁለት ሳንቲ ለመስጠት የድሮውን ሊሾ ልታስነሣኝ ነው? ውሃ ልክ አድርገህ ምታው።"

"ማጣበቂያውስ?"

"የምን ማጣበቂያ? ከባሕር ዳር እስኪመጣ ሰርጉ ያልፋል። በማልታ ሥራው። ደግሞ ማልታውን ሁሉም ላይ አታልብሰው፤ አራት ማዕዘን ላይና መሐሉ ላይ አምስት ቦታ ጠፍጥፍለት፣ በመዶሻ ምታው፣ እለፍ። እንደዚያ ካልሆነ አትጨርስም።"

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለውን እናቴ ሺህ ጊዜ ብላኛለች። እኔ ግን "እሺ" ብዬ ማንኪያዬን አነሣሁ። ማዘዙን እሱ አዘዘ፤ የሠራው እጄ ነው።

ታኅሣሥ ነበር። በታኅሣሥ ማለዳ ውርጩ ሣሩን ነጭ ያደርገዋል። በበርሜሉ አፍ ላይ የረጋውን ስስ በረዶ በመዶሻ ሰብሬ ነው ፖርስሊኑን የነከርሁት። ጣቶቼ አይሰሙኝም። ማልታው በውርጭ ውስጥ እንደማይጠና አውቃለሁ፤ አያ ሰይድ በእንዲህ ያለ ወቅት ፀሐይ ሳይሞቅ ማንኪያ አያስነሡም ነበር። አምስት አምስት ቦታ እየጠፈጠፍሁ፣ ጠርዝ ለጠርዝ እያጋጠምሁ፣ በዘጠኝ ቀን ጨረስሁት። ከአጥሩ በር ላይ ቆመህ ስታየው ሰማዩ ወለሉ ላይ ይታያል። ደሳለኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመኪናው ወረደና በስልኩ ፎቶ አነሣው። ያንን ፎቶ እያሳየ ሌላ ሦስት ሥራ ተዋዋለበት።

ሰርጉ አማረ። ዳሱ ግቢው ላይ ተጣለ፤ ሰው ሦስት ቀን ሙሉ ጨፈረበት። እኔም ተጠርቼ ነበር። እቴነሽ ለእንግዶቹ "የዚህ ሥራ ባለቤት ይኸውላችሁ" እያለች ታሳየኛለች፤ እኔም ደረቴን ነፍቼ ጠጅ እጠጣለሁ። እንዴት ያለ ውርደት እንደሆነ ያኔ አልገባኝም።

ሰርጉ ካለፈ ከሳምንት በኋላ መሪጌታ አስጠሩኝ። ስደርስ ግቢው መሐል ብቻቸውን ቆመዋል።

"ይርጋ ነህ?"

"ነኝ፣ መሪጌታ። እንዴት አደሩ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ና፣ አጠገቤ ቁምና ስማ።"

የምርኩዛቸው ጫፍ ብረት ነው። አንዱን ፖርስሊን መቱት፤ ጠንካራ፣ አጭር ድምፅ ሰጠ። "ይሄ ድንጋይ ነው" አሉ። አንድ እርምጃ ተራመዱና የሚቀጥለውን መቱት፤ ይሄኛው ድም ብሎ ውስጡ አስተጋባ። "ይሄ ደግሞ ከበሮ ነው። ከደጃፌ እስከ በሩ በምረግጠው መሥመር ላይ ሠላሳ አንድ ከበሮ ቆጠርሁ። ዕድሜዬን በሙሉ ድምፅ ሳስተምር የኖርሁ ሰው ነኝ፤ አይሳሳተኝም። ከሥሩ ምን አለ?"

ምን ልበል? "ሲከርም ይረጋል መሪጌታ" አልሁ።

"ይርጋ፣ ለእቴነሽ አልነገርኋትም" አሉኝ ረጋ ብለው። "ደስ ብሏታልና ደስታዋን ላበላሽባት አልፈለግሁም። የሠራኸው አንተ ነህ፣ ለአንተ ነገርሁህ። እስክታበጀው ድረስ ከበሮ ከበሮውን እየዘለልሁ፣ ድንጋዩን እየመረጥሁ እሄዳለሁ። የቱ የት እንዳለ ይዤዋለሁ።"

ሠላሳ አንዱንም በቃላቸው ይዘውታል። ይህን ልብ በሉ።

በዚያው ሰዓት ደሳለኝ ጋ ደወልሁ። "መሪጌታ በምርኩዛቸው እየመቱ ባዶውን አገኙት፤ መነቀል አለበት" አልሁት።

ሳቀ። "ደግሞ ዓይነ ስውር ሥራ ተቆጣጣሪ ሆነ? በመጋጠሚያው ቀጭን ቦያካ አፍስስበት፤ ድምፁ ይጠፋል" አለኝ።

ድምፁ ይጠፋል ነው ያለው። ይጠነክራል አላለም። ሁለታችንም ልዩነቱን እናውቃለን።

ሄጄ አፈሰስሁ። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ቦያካው በጠባቡ መጋጠሚያ ዳር ዳሩን ብቻ ነው የሚገባው፤ ከመሐል ያለው ጉድጓድ እንዳለ ነው። ዳሩ ሲያዝ ግን ፖርስሊኑ ማስተጋባቱን ይተዋል። በሦስተኛው ቀን መሪጌታ ወጡና አንድ በአንድ እየመቱ ሄዱ፣ ተመለሱ። ፊታቸው ፈካ።

"ሞልቷል?" አሉኝ።

"አዎ መሪጌታ፣ ሞልቷል። ከአሁን ወዲያ እንዳሻዎ ይርገጡት።"

መረቁኝ። እጄን ይባርከው አሉ። እኔም አሜን አልሁ፣ እፍረት የለኝ። በዕድሜዬ ብዙ ዋሽቻለሁ፤ ሥራ ሳይደርስ ደርሷል ብያለሁ፣ ሳልመጣ መንገድ ላይ ነኝ ብያለሁ። የዚያን ቀኑን የሚያህል ውሸት ግን አልዋሸሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ መሪጌታ መዝለላቸውን ተዉ፤ ሁሉንም እንደ ድንጋይ ቆጥረው በቀጥታ ይሄዱ ጀመር።

ክረምቱ ገባ። ተዳፋት የለውምና ውሃው የትም አይሄድም፤ ፖርስሊኑ ላይ ይተኛል። ተኝቶ ተኝቶ በመጋጠሚያው ይሰርጋል፤ ቦያካውን ያጥበዋል፤ ከሥር ያሉትን ጉድጓዶች ይሞላል። ሐምሌ ላይ እቴነሽ ደወለችልኝ።

"አያ ይርጋ፣ ስንረግጠው ይንቀሳቀሳል፤ በመጋጠሚያውም ቆሻሻ ውሃ ይተፋብናል። ብቅ ብለህ ብታየው?"

ያን ጊዜ አንበሳሜ ሌላ ሥራ ላይ ነበርሁ። አንበሳሜ ሩቅ አይደለም፤ መኪና ላይ ወጥቶ መምጣት ነው። ሄጄ "መሪጌታ፣ በዚህ አይሂዱ፣ ዋሽቼዎታለሁ" ማለት ነበር ሥራዬ። "ክረምቱ ይውጣና እናየዋለን፣ አሁን ቢነካ ይብሳል" አልኋት። ካፈርሁ አይመልሰኝ ማለት ይህ ነው። አመነችኝ። ባለሙያ ሲናገር ሰው ያምናል።

በዚያ ዓመት ግን ጭቃው ስለ ቀረላቸው መሪጌታ በነሐሴው የፍልሰታ ጾም ከቤተ ክርስቲያን አንድም ቀን አይቀሩም ነበር። አንድ ጠዋት፣ ዝናቡ እንዳባራ ወጡ። ከቤታቸው ደረጃ ሥር ያለውን ፖርስሊን ሲረግጡ አንዱ ጠርዝ ሰመጠ፣ ሌላው ተነሣ፤ ላዩ ደግሞ ውሃ የተኛበት መስታወት ነው። በጎናቸው ወደቁ። የዳሌያቸው አጥንት ተሰበረ።

እቴነሽ ናት የነገረችኝ። አላለቀሰችም። "የወደቁበት ፖርስሊን ከሚዘሉት አንዱ ነበር" አለችኝ በስልክ። "አሁን ነው የነገሩኝ። ይርጋ አበጅቶት ነበር አሉኝ። አበጅተኸው ነበር እንዴ፣ አያ ይርጋ?"

ስልኩን ዘግቼ የአንበሳሜን ሥራ ጥዬ መኪና ላይ ወጣሁ።

ሐኪም ቤት ሄጄ አየኋቸው። በዚያ ዕድሜ የተሰበረ ዳሌ ቀላል አይደለም፤ ሐኪሙም ከእንግዲህ በእግራቸው ይቆማሉ ብሎ ተስፋ አልሰጠም። ተኝተው ነበር፤ ሳልቀሰቅሳቸው ወጣሁ። እውነቱን ልናገር፣ እንዳይነቁ ፈርቼ ነው የወጣሁት።

ከዚያ በቀጥታ ደሳለኝ ጋ ሄድሁ። ሌላ ግቢ ያንኑ ጥቁር ፖርስሊን ሲያስነጥፍ አገኘሁት።

"መሪጌታ ወደቁ። ዳሌያቸው ተሰበረ" አልሁት።

"ሰማሁ፣ ያሳዝናል። ሽማግሌ ግን ይወድቃል፤ ምን ይደረግ" አለኝ ከመስኮቱ።

"ሽማግሌ ይወድቃል?"

"ታዲያ እኔ ገፈተርኋቸው? ይልቅ ነገ ማለዳ ግባልኝ፣ ይሄ ሥራ ዘግይቷል።"

ደሜ ፈላ። ከረጅም ጊዜ በፊት ልለው የሚገባኝን ሁሉ በዚያች ሰዓት አልሁት፤ ቀን ሠራተኞቹ አካፋቸውን ተደግፈው ሰሙኝ። እዚህ የማልጽፈውንም አልሁት። እሱ መስኮቱን ዘጋ። እኔም የእሱን ሥራ የዚያን ቀን ተውሁ። ግን ጀግንነት አይምሰላችሁ፤ በታኅሣሥ ያላልሁትን በነሐሴ ብለው ለማን ይጠቅማል?

ከዚያ በኋላ የከተማው ባለሙያ ሁሉ እየመጣ "ይሄማ ገና ሲነጠፍ ያስታውቅ ነበር" ይል ጀመር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ሲነጠፍ ሁሉም በዚያ በር አልፏል፤ አንዱም አልተናገረም። እነሱም እንደ እኔ ናቸው።

መስከረም ሲጠባ እቴነሽ በር ላይ ቆምሁ። ሁሉንም ነገርኋት፦ በርሜሉን፣ ውርጩን፣ አምስቱን ጥፍጥፍ፣ ቦያካውን። ሳልደብቅ አንድ በአንድ ነገርኋት። "ነቅዬ እንደገና ልሥራው፤ የእጄን ዋጋ አልጠይቅም" አልኋት።

"አያ ይርጋ፣ ሥራ ይበላሻል፤ እኔም ነጋዴ ነኝ፣ የነቀዘ እህል ሳላውቅ ገዝቼ አውቃለሁ" አለች። "አውቄ ግን ለሰው አልሸጥሁም። አንተ አውቀህ ነው አባቴን እርገጡ ያልኻቸው።" ከዚያ በሩን ከፈተችልኝ። "ግባና ንቀለው። ዓይኔ አይየው።"

ለመንቀል መሮ አላስፈለገኝም፤ በእጄ ነው ያነሣሁት። የእያንዳንዱ ጀርባ እንደ ታጠበ ሳህን ንጹሕ ነው፤ ነጩ ዱቄት እንኳ አልለቀቀም። ከሥሩ አምስት የማልታ ጥፍጥፍ እንደ ኩበት ተቀምጧል፤ በመሐላቸው ጥቁር ውሃ ተኝቷል፣ ትል ይርመሰመስበታል። በጣቴ ስነካው ማልታው እንደ አመድ ፈረሰ። ሁለት መቶ ሃያ ፖርስሊን ነቀልሁ። ያልተነቃነቁት ከሃያ አይበልጡም፤ እነሱም የያዙት በዕድል ነው እንጂ በእኔ ሙያ አይደለም።

የድሮውን ሊሾ አስነሥቼ ውሃው ወደ በሩ እንዲወርድ በሜትር ሁለት ሳንቲ ሰጠሁት። እቴነሽ ሻካራውን፣ አመድማውን ፖርስሊን አስመጣች። ጀርባ ጀርባውን በብሩሽ አጠብሁ፣ በጨርቅ አደረቅሁ። ማጣበቂያውን በባለ ጥርስ ማንኪያ ወለሉ ላይ ቀባሁ፤ የፖርስሊኑንም ጀርባ ደግሜ ቀባሁ። በመሐል የፕላስቲክ መስቀል እያስገባሁ ክፍተቱን ጠበቅሁ። ማለዳ ማለዳ ፀሐዩ እስኪሞቅ ተቀምጬ እጠብቃለሁ፤ ማንም አያጣድፈኝም። ወር ሙሉ ፈጀብኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። ባልዲ ውሃ ሲደፋበት ውሃው ሳይዘገይ በሩ ጋ ይደርሳል፤ በካልሲ እንኳ ብትሮጥበት አያንሸራትትም።

ያለቀ ቀን እቴነሽና ሁለት ተማሪዎች መሪጌታን ከነወንበራቸው አውጥተው ደጃፉ ላይ ፀሐይ እንዲሞቁ አስቀመጧቸው። ከስተዋል። ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ ሰፍቷቸዋል። ቀርቤ ጉልበታቸውን ሳምሁ።

"ይርጋ።"

"አቤት፣ መሪጌታ።"

"ያንለት ሞልቷል ስትለኝ፣ መሙላቱን እርግጠኛ ነበርህ?"

"አለመሙላቱን አውቅ ነበር፣ መሪጌታ።"

እንዲረግሙኝ ጠበቅሁ፤ በእውነት ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር። አልረገሙኝም፤ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም።

"ብትነግረኝ እኮ ዘልዬው እሄድ ነበር" አሉኝ።

መሪጌታ ዛሬም አሉ። ቤታቸው ቁጭ ብለው ያስተምራሉ፤ ለእሑድ ቅዳሴ ተማሪዎቻቸው በወንበር ተሸክመው ግቢውን ያሻግሯቸዋል። እኔ ከነጠፍሁት ሁሉ የሚበልጠውን ያንን ወለል እግራቸው አንድ ጊዜም አልረገጠውም።

እኔም ሥራዬ ላይ ነኝ። ወጣት ባለሙያዎች ስለ ማጣበቂያ፣ ስለ ተዳፋት፣ ስለ ክፍተት ይጠይቁኛል፤ የማውቀውን እነግራቸዋለሁ፣ ይህ ሁሉ በአንድ ወር የሚለመድ ነው። ከዚያ በላይ ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። የነጠፍኸው ባዶ መሆኑን ያወቅህ ቀን፣ ከመንቀልህም በፊት፣ ለሚረግጠው ሰው ንገረው።